ስለ «ስካር» ለወላጆች ጥቂት ቃል



ልጆቻችን ስለሚያዩት አንድ የጃፓን ካርቱን ጥቂት መናገር እንወዳለን። ስሙ «ፉልሜታል አልኬሚስት፦ ብራዘርሁድ» ነው፤ ከ2009 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በ64 ክፍል የታየ ሲሆን፣ ምንጩ የሂሮሙ አራካዋ ሥዕላዊ ታሪክ ነው።

በውስጡ «ስካር» የሚሉት ገዳይ አለ። የመጠጡ ስካር አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ጠባሳ ማለት ነው። ወገኖቹ የኢሽቫል ሰዎች በመንግሥት ጦር ተጨፍጭፈዋል። እሱም የተረፈው ወንድሙ የገዛ ክንዱን ሰጥቶት ነው። ቁስሉን ያከሙት ባልና ሚስት ሐኪሞች ከዚያው ከጠላት ወገን ነበሩ። ሲነቃ መልካቸውን ብቻ አየና ሁለቱንም ገደለ። ልጃቸው ዊንሪም ያለ እናት ያለ አባት ቀረች።

ታዲያ አንዳንድ ወጣቶች «ተበድሏል እኮ፣ ደግ አደረገ!» ይላሉ። መበደሉስ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ሐኪሞቹ ግን ምን አጠፉ? ቂም ዓይን የለውም፤ ያከመንና የገደለን አይለይም።

ኋላ ዊንሪ ራሷ የዚህን ሰው ቁስል አሰረችለት። ይቅር አላለችውም፤ ወላጆቿ ቢኖሩ ያንኑ ያደርጉ ነበር ብላ ነው። እሱም በመጨረሻ ያንን ገዳይ ክንድ፣ ይጠላው የነበረውን ሕዝብ ለማዳን አዋለው።

ስለዚህ እናቶች፣ አባቶች፣ «ካርቱን ነው» ብለን አንለፈው። አብረን እንይ፤ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ልጅ ቂምን የሚማረው ከፊልም ይልቅ ከቤት ወሬ ነውና፣ አንደበታችንንም እንጠብቅ። ደምን ደም አያጥበውም።