ስለ ብርጭቆ ጥበብና ስለ አዳሪ ትምህርቱ

የብርጭቆ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ስለ ብርጭቆ አብዝቶ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ዋጋውንና መሰበሩን። ሣጥኑ ተከፍቶ ስንጥቅ በተገኘ ጊዜ ጥፋቱ በመርከቡ ወይም በጫኙ ላይ ይደረጋል። ነገር ግን አንዳንዱ ዕቃ የሚሰነጠቀው ከእቶን ወጥቶ ሲበርድ ጥድፊያ ስለ ተደረገበት ነው። ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ከበረደ በገላው ውስጥ ውጥረት ይቀራል፤ ውጥረቱም ለዓይን ሳይታይ ቆይቶ አንድ ቀን ዕቃው ያለ ምክንያት የተሰበረ ያስመስለዋል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ዕቃውን 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ ምድጃ አስገብተው ቀስ በቀስ ያበርዱታል፤ ወፍራም ሥራ ሲሆን ቀናት ይፈጃል።

ይህን የመሰለውን ዕውቀት ከመጽሐፍ ማግኘት ይቻላል፤ እጅ ግን ከመጽሐፍ አይማርም። አሸዋ፥ ሶዳና ኖራ ተቀላቅለው ከ1000 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሲቀልጡ እንደ ማር የሚሳብ ነገር ይሆናሉ። ሠራተኛው ይህን በረዥም የብረት ቱቦ ጫፍ ጠቅልሎ እያወጣ፥ እየነፋም ቅርጽ ይሰጠዋል። ቱቦውን ማሽከርከር ለአፍታ ቢያቋርጥ ሥራው ወደ አንድ ወገን ይንጋደዳል። ሥራውም የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሲነፋ ሁለተኛው የምድጃውን በር ይከፍታል፥ ሦስተኛው በውሃ የራሰ እንጨት ወይም ጋዜጣ ያቀብላል። (ጋዜጣ ከተነበበ በኋላ እንዲህ ያለ አገልግሎት እንዳለው ማወቅ ለአዘጋጆች ሁሉ የሚያጽናና ነው።)

ይህን ለመማር አብሮ ማደር እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳው በአሜሪካ፥ ከሲያትል ከተማ በስተ ሰሜን በደን ውስጥ የሚገኘው የፒልቸክ የብርጭቆ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሚስተር ዴል ቺሁሊ ከጥቂት መምህራንና ተማሪዎች ጋር ወደ ስፍራው ሄደው ዝናም እየመታቸው መጠለያውንም ምድጃውንም በገዛ እጃቸው ሠሩ። በእጃቸው የነበረው የእርዳታ ገንዘብ 2000 ዶላር ነበር። መሬቱን የሰጡት ሚስተር ጆን ሃውበርግና ባለቤታቸው ወይዘሮ አን ጉልድ ሃውበርግ ሲሆኑ፥ ሚስተር ሃውበርግ በደን ልማትና በእንጨት ንግድ የታወቁ ሰው ነበሩ። ዛሬም ተማሪው እዚያው እየበላና እያደረ፥ መምህሩ ሲሠራ እያየ ይማራል።

ከዚህ ትምህርት ቤት ታሪክ ለነጋዴ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የምሥጢር ጉዳይ ነው። የቬኒስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1291 የብርጭቆ እቶኖቹን ወደ ሙራኖ ደሴት ካዛወረ ወዲህ ጥበቡ ለብዙ ዘመን ተቆልፎ ኖረ፤ ባለሙያው ወደ ውጭ አገር ሄዶ እንዳይሠራ ሕግ ይከለክለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ግን የሙራኖው ባለሙያ ሲኞር ሊኖ ታሊያፒየትራ ወደ ፒልቸክ ሄደው የሚያውቁትን ሳይሰስቱ አስተማሩ። በአገራቸው ብዙ ሰው ተቀየማቸው። ቅያሜው በንቀት የሚታለፍ አይደለም፤ ምሥጢሩን የገለጠ ገበያውን ያጣል የሚል ነጋዴ በየትም አገር አለ። ይሁን እንጂ ሙራኖን በገበያ ላይ የጎዳው ጥበቡን በትክክል የተማረ ሰው ሳይሆን ርካሽ ዕቃ በሙራኖ ስም የሚሸጥ ሰው ነው። የቬኔቶ አውራጃም እ.ኤ.አ. በ1994 ሕግ አውጥቶ ለሙራኖ ብርጭቆ የንግድ ምልክት ያቆመው ስሙን ለመጠበቅ ነው።

በአገራችንም ምሳሌ አለ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየውን 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን ባለ ቀለም መስታወት የነደፉት አፈወርቅ ተክሌ የዚህን ጥበብ ትምህርት ያገኙት ወደ አውሮፓ ሄደው ነው። እንግዲህ ብርጭቆና መስታወት የሚያስመጡ የንግድ ቤቶች በኅብረት ሆነው፥ እጁ ሥራ የለመደ አንድ ወጣት ወደ እንደዚህ ያለ አዳሪ ትምህርት ቤት ቢልኩ ገንዘባቸው በከንቱ አይጠፋም። በጥቂት ሳምንት ሊቅ ይሆናል ማለት አይደለም። ደግሞም የማቅለጫ እቶን ቀንና ሌሊት ነዳጅ ስለሚበላ በእርሱ መጀመር አይመከርም። ባለ ቀለሙን መስታወት ቆርጦ በእርሳስ ዘንግ ማያያዝ ግን ያለ ማቅለጫ ይሠራል፤ አብያተ ክርስቲያናትና ሆቴሎችም ይፈልጉታል። ከዚህም ሌላ ሰውየው ለአስመጪዎቹ ዕቃ መርማሪ ይሆናቸዋል፤ በእጅ ከተነፋ ዕቃ ሥር ብረቱ የተላቀቀበት ጠባሳ ብዙ ጊዜ ይገኛልና፥ እንዲህ ያለውን የሚያውቅ ሰው በቅርጽ ማውጫ የተሠራውን በእጅ ሥራ ዋጋ አይገዛም።

የተማረው ወጣት ወደ ሌላ ቤት ቢኮበልልስ የሚል ይኖራል። ለዚህ የሚሆነው ውል ነው፤ ከመሄዱ በፊት ተጽፎ፥ ሲመለስ ለተወሰነ ዓመት እንዲሠራና ቢያንስ ሁለት ሰው እንዲያስተምር፥ ይህንንም ካልፈጸመ የመጓጓዣውንና የቀለቡን ወጪ እንዲከፍል የሚያስገድድ ውል።