ሰባት ሰዓት የቱ ነው?

በዚህ ወር ትንሽ ስለሚመስል ነገር ግን ብዙ ቤት ስለሚያስለቅስ ጉዳይ ልንነጋገር አስበናል። ይኸውም በማለዳ ለሚነሣ አውሮፕላን መኪናና ሹፌር አስቀድሞ አዘጋጅቶ በሰዓቱ ስለ መድረስ ነው። ምናልባት ከመካከላችሁ «ይህስ የከተሜ ጭንቀት ነው፤ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ከአውሮፕላን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በዛሬው ጊዜ ሕመምተኛው ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይበራል፤ ልጇ በባዕድ አገር የወለደችላት እናት አራሷን ለመጠየቅ ባሕር ትሻገራለች፤ የሥራ ውል የያዘች ወጣት ወደ ዐረብ አገር ትሄዳለች። እነዚህ ሁሉ ከደጋው መንደር ተነሥተው፣ አብዛኛዎቹም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከአውሮፕላን በር ላይ መቆም አለባቸው።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ የገዛ ስሕተቴ ነውና አስቀድሜ ልናዘዝ። አጎቴ የነፋስ መውጫ ነዋሪ ናቸው። የልብ ሕመም ስለ ነበረባቸው በአዲስ አበባ የሐኪም ቀጠሮ ተያዘላቸው። በውጭ አገር ያለችው ልጃቸው የአውሮፕላኑን ቲኬት ገዝታ በስልክ ላከችልኝ። ቲኬቱ ላይ «07፡10» ተብሎ ተጽፏል። እኔም ሳላመዛዝን «ሰባት ሰዓት ከአሥር ነው፤ ከምሳ በኋላ መሆኑ ነው» ብዬ ነገርኋቸው። እርሳቸውም ቃሌን አምነው መኪና ኮንትራት ያዙና በዕለቱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከነፋስ መውጫ ተነሡ። ባሕር ዳር ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ሲደርሱ ረፋዱ 4 ሰዓት ሆኖ ነበር። የበሩ ጥበቃ ወረቀቱን ተቀብሎ አየና፣ አንገቱን ደፍቶ «አባቴ፣ አውሮፕላኑ እኮ ሄዷል፤ ሦስት ሰዓት ሆኖታል» አላቸው።

የቲኬቱ 07፡10 በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡10 ነበር። ቀጠሮው አለፈ። ሌላ ቀጠሮ የተገኘው ከሁለት ወር በኋላ ነው። እነዚያን ሁለት ወራት አጎቴ በትራስ ተደግፈው፣ ሌሊቱን ቁጭ ብለው አሳለፉ። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም፤ እኔን ግን ዝምታቸው ከወቀሳ ይልቅ ከብዶኛል።

እንግዲህ የነገሩ ሥር ከሰዓቱ ላይ ነው። እኛ ቀኑን ፀሐይ ከምትወጣበት፣ ሌሊቱን ፀሐይ ከምትጠልቅበት ጀምረን እንቆጥራለን። ይህ አቆጣጠር የሚያሳፍር አይደለም፤ በወንጌል በወይኑ ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ ላይ በዐሥራ አንደኛው ሰዓት የተቀጠሩት ሰዎች ቀኑ ሊመሽ ሲል የመጡ መሆናቸውን የእኛ ገበሬ ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል። ነገር ግን የአውሮፕላን ቲኬት የሚጻፈው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 በሚቆጥረው በፈረንጆች ሰዓት ስለ ሆነ፣ ሁለቱን ማስታረቅ የእኛ ፈንታ ነው።

የማስታረቂያው መንገድ ቀላል ነው። በቲኬቱ ላይ ያለው ቁጥር ከ07፡00 እስከ 18፡59 ከሆነ 6 ይቀነሳል፤ 07፡10 ከጠዋቱ 1፡10 ይሆናል። ከ19፡00 እስከ 23፡59 ከሆነ 18 ይቀነሳል፤ 22፡45 ከምሽቱ 4፡45 ነው ማለት ነው። ከ00፡00 እስከ 06፡59 ከሆነ ደግሞ 6 ይጨመራል፤ 00፡30 ከሌሊቱ 6፡30 ነው። ከሁሉ የሚያሳስተውም ይህ የመጨረሻው ነው። በፈረንጆች ዘንድ አዲሱ ቀን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሚገባ፣ በቲኬቱ ላይ ማክሰኞ 00፡30 የሚል ቢጻፍ መንገደኛው ከቤቱ መውጣት ያለበት ሰኞ ማታ ነው። «የማክሰኞ ነው» ብሎ ማክሰኞ ማታ የሚሄድ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ይዘገያል።

ዕለቱንም እንዲሁ መመርመር ያስፈልጋል። በዓለ ጥምቀት ጥር 11 ቀን በአብዛኛው በእነርሱ ጃኑዋሪ 19 ቀን ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ግን ጃኑዋሪ 20 ይሆናል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ያወቅነውን ቀን ዘንድሮም ይሠራል ብሎ በግምት ማስላት አይገባም። ሁለቱንም አቆጣጠር የያዘ የቀን መቁጠሪያ ፊት ለፊት ዘርግቶ ማየት ይሻላል።

ሰዓቱ ከታወቀ በኋላ ጉዞው የሚሰላው ከፊት ወደ ኋላ ሳይሆን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። የአጎቴን ጉዞ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አውሮፕላኑ 1፡10 ይነሣል። ለአገር ውስጥ በረራ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ መገኘት ደግ ነውና ከሌሊቱ 11፡10 ከበሩ መድረስ ይገባል። ከነፋስ መውጫ በደብረ ታቦርና በወረታ በኩል እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ ወደ 175 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህም በደኅና መኪና አራት ሰዓት ያህል ቢፈጅ፣ ለኬላና ለጎማ ብልሽት አንድ ሰዓት ቢጨመር፣ መነሻው ከሌሊቱ 6፡10 ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ቆም ብለን እናስብ። አንድ የልብ ሕመምተኛ በእኩለ ሌሊት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉናን ተራራ አጠገብ አድርጎ፣ በብርድና በጉም ውስጥ ሊጓዝ ይገባዋልን? በዚያ ሰዓት ሹፌሩ እንቅልፍ ይጫነዋል፤ ያለ መብራት የቆመ የጭነት መኪና፣ መንገድ ላይ የተኛ ከብት ያጋጥማል፤ ማደያው ሁሉ ዝግ ነው። በዚህም ላይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የተዘጋበትና የማታ ጉዞ የተከለከለበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው የማለዳ በረራ ቢኖረው፣ ሌሊቱን መጓዝ ሳይሆን በዋዜማው ቀን በፀሐይ ተጉዞ ባሕር ዳር ማደር አለበት። የአንድ ሌሊት የአልጋ ኪራይ ከጠፋ ቲኬትና ከባከነ ቀጠሮ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

መነሻችን ከየት እንደ ሆነም መመልከት ያስፈልጋል። ከመካነ ኢየሱስ የሚነሣ የእስቴ ሰው በሐሙሲት በኩል ወይስ በደብረ ታቦር በኩል ቢሄድ እንደሚሻለው በሰሞኑ የተጓዘ ሰው ይጠይቅ። ከወገዳ የሚነሣ የስማዳ ሰው ገና ከዋናው መንገድ መድረስ ስለሚቀረው፣ በተለይ በክረምት፣ አንድ ተጨማሪ ቀን ይያዝ። በምሥራቅ ጋይንት ያለ ሰው ደግሞ በጋሸና በኩል የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ሊቀርበው ይችላልና ቲኬቱ ከመገዛቱ በፊት ሁለቱን ያመዛዝን። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ገደሉን እየናዱ መንገድ እየጠረጉ ወራት ፈጅቶባቸዋል። ዛሬ ያንን ደጋ መኪና በሰዓታት ያቋርጠዋል። ነገር ግን ለመንገዱ አስቀድሞ የማሰብ ግዴታ ከእኛም ላይ አልወረደም።

አሁን ወደ ሹፌሩ እንምጣ። መኪና ኮንትራት የሚይዝ ሰው ነገሩን «በኋላ እንስማማለን» ብሎ አይተወው። ዋጋው ነዳጁን፣ የሹፌሩን አዳርና የባዶ መልሱን ይጨምር እንደ ሆነ በግልጽ ይነገር፤ ቀብድ ከተሰጠም በምስክር ፊት ይሁን። ነዳጅ ለመቅዳት ሰልፍ ስለሚኖር ታንከሩ በዋዜማው ይሞላ። ስኮርታ ጎማውና ክሪኩ መኖራቸውን በዐይን ማየት ነውር አይደለም። ሹፌሩም ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ የዋለውን ሰው ለሌሊት መቅጠር የራስን ነፍስ በእንቅልፍ እጅ መስጠት ነው። ባሕር ዳር ካደርን በኋላ ከማደሪያው እስከ ማረፊያው ለሚወስደን ሰው ደግሞ በማታ ደውለን ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር እንንገረው፤ «በሀበሻ 10፡30 ሌሊት» ብለን አስረግጠን እናስደግመው። የእርሱ ስልክ ቢዘጋ የምንደውልለት የሁለተኛ ሹፌር ቁጥርም በወረቀት ተጽፎ ይያዝ። ማኅሌት ለመቆም በሌሊት መነሣት የለመደ ሽማግሌ ማንቂያ አያሻውም ይሆናል፤ ሆኖም ለስልኩም ለዶሮውም ብቻ ሳይተው አንድ ሰው ነቅቶ ይጠብቅ።

አዲስ አበባ አድሮ ከቦሌ ወደ ውጭ አገር ለሚበር ሰውም ምክሩ ያው ነው። በዚያ በስልክ የሚጠሩ እንደ ራይድና ፈረስ ያሉ መኪናዎች መኖራቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን በሌሊት ጠርቶ መኪና እስኪመጣ መጠበቅን በሒሳብ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ለውጭ አገር በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ይገባል። የፍተሻው ሰልፍ ከመግቢያው በር ላይ ይጀምራል፤ ሸኚም ከዚያ አያልፍም። አውሮፕላኑ ገና ሳይነሣ የመንገደኛው መዝገብ ቀድሞ ስለሚዘጋ፣ «አውሮፕላኑ እዚያው ቆሟል እኮ» ብሎ መለመን አይጠቅምም። ስለ ስምም ልብ እንበል፤ በቲኬቱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ወይም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል ሳይቀር መመሳሰል አለበት። የሚታረም ስሕተት ካለ የሚታረመው ቀደም ብሎ ነው እንጂ በበሩ ላይ አይደለም።

ስለ ዕቃ አንድ ቃል ብቻ እንጨምር። እናቶቻችን ለልጆቻቸው ጸበል፣ ማርና ቅቤ ሳይዙ መሄድ አይሆንላቸውም። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ ግን ወደ ውጭ አገር በሚደረግ በረራ በእጅ ሻንጣ አይገባም። ስለዚህ ጸበሉ በጥሩ ሁኔታ ታሽጎ፣ ቅቤውም በላስቲክ ተጠቅልሎ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ። በሚደርሱበት አገር የምግብ ነገር ይፈቀድ እንደ ሆነ ልጆቹ አስቀድመው ይጠይቁ። የተባረከ ጸበል በፍተሻ ጠረጴዛ ላይ ሲቀር አይቶ የምታለቅስ እናት ማየት እጅግ ያሳዝናልና።

በመጨረሻም ስለ መሰነባበት። በእኛ አገር መንገደኛ ብቻውን አይሸኝም፤ ቤተ ዘመዱ ሁሉ በአንዲት መኪና ተጨናንቆ ይወጣል። ይህ ፍቅር ነው፤ ነገር ግን መኪናውን ያከብደዋል፤ ሰዓቱንም ይበላዋል። ስለዚህ ቡናው በዋዜማው ማታ በቤት ይፈላ፤ ሽማግሌዎች ያኔ ይመርቁ፤ የሚለቀሰውም ያኔ ይለቀስ። በሌሊቱ ከመንገደኛው ጋር አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ይሂድ። ምርቃት በማታ ቢሰጥ ኃይሉ አይቀንስም።

አጎቴ በሁለተኛው ቀጠሮ ባሕር ዳር አደሩ። እኔም በአንዲት ወረቀት ላይ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር በትልቅ ፊደል ጽፌ ሰጠኋቸው፤ እርሳቸውም በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሹፌሩ ከበሩ ቆሞ ነበር፤ እርሳቸው ግን ከእርሱ ቀድመው ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው ደጅ ተቀምጠው ነበር። ሕክምናቸውን አግኝተው በደኅና ተመለሱ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ በቤታቸው «እገሌ በስምንት ሰዓት ይመጣል» የሚል ሰው ቢኖር፣ አጎቴ ፈገግ ብለው ወደ እኔ ይመለከቱና «ልጄ፣ በማን አቆጣጠር?» ይሉኛል። ውድ አንባብያን ሆይ፤ እናንተም መንገደኛ ከመሸኘታችሁ በፊት ይህችን ጥያቄ አስቀድማችሁ ጠይቁ።