የሚጠጣውን ሰው ዛሬ እናናግረው

ጆርዲን ቱቱ 22 ቁጥር ማሊያ ይለብስ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። የቤተሰቡ ስም በእንግሊዝኛ ሲጠራ «ሁለት ሁለት» ይመስላል። ቁመቱ 1.75 ሜትር ገደማ ቢሆንም ሥራው ከሱ የሚገዝፉትን በትከሻ መግጨት፣ ሲያስፈልግም ጓንቱን ጥሎ ቡጢ መሰናዘር ነበር። በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ በኤንኤችኤል በመጫወት የመጀመሪያው የኢኑይት ሕዝብ ተወላጅ ነው። ያደገባት ራንኪን ኢንሌት በካናዳ ሰሜን ያለች፣ ከሌላ ከተማ የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የሌላት ቦታ ናት።

ታላቅ ወንድሙ ቴረንስም በሆኪ የሚተዳደር ተጫዋች ነበር። በፈረንጆቹ ነሐሴ 2002 ጠጥቶ ሲያሽከረክር ፖሊስ ያዘው፤ ከሰዓታት በኋላ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ገና 22 ዓመቱ ነበር። ለጆርዲን ቤተሰቡን አደራ የሚል አጭር ማስታወሻ ትቶለታል። ታናሽዬው በ2003 ለናሽቪል ፕሬዳተርስ መጫወት ጀመረ፤ ሐዘኑን ግን በመጠጥ ያባብለው ነበር።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ይጋጫል፣ ይደባደባል፣ ደጋፊው ስሙን እየጠራ ይጨፍራል፤ ታዲያ ማን ደፍሮ «ችግር አለብህ» ይበለው?

በታኅሣሥ 2010 የክለቡ ኃላፊዎች አስቀምጠው አናገሩት። ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ ከ1996 ጀምሮ በጋራ ወደሚያካሂዱት የድጋፍ ፕሮግራም ገባ። ራሱ ፈልጎ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ተጫዋች አይቀጣም፣ ደመወዙ አይቋረጥም፣ ሕክምናውም በምስጢር ይያዛል። ቱቱ በዚያው የውድድር ዘመን ወደ ሜዳ ተመለሰ። በቀጣዩ ዘመን 6 ጎል አግብቶ 24 አመቻችቷል፤ በ2018 ጫማውን እስኪሰቅል ከዚያ የበለጠ ነጥብ ያስመዘገበበት ዓመት የለም። ያኔ 723 ጨዋታ አድርጎ ነበር።

የሁለቱን ወንድማማቾች ዕጣ የለየው ይህ ድጋፍ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ግን አንዱን በጊዜው ያናገረው ሰው ነበር፤ ሲመለስም ቦታው ጠብቆታል።

በናሽቪልም፣ በቶሮንቶም፣ በአዲስ አበባም በየቤቱ የሚጠጣ ዘመድ አለ። «ይጠጣል እንጂ ሰው አይነካም» ይባልለታል፤ ጠርሙሱ ከሶፋው ሥር ይወጣል፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። ገመና መሸፈን ደግ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሰው ይገድላል። እንዲህ ያለ ሰው የሚያውቅ አንባቢ ዛሬ፣ ዘመድዬው ሳይጠጣ፣ ለብቻው ያናግረው። ምክሩና ወቀሳው ይቆይ፤ «ሐኪም ጋ አብሬህ ልሂድ» ይበለው፣ ቀኑንም ቆርጦ ይለያይ።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቅ። ለዓመታት በየቀኑ በብዛት የጠጣን ሰው ቤት ቆልፎ «ከዛሬ ጀምሮ አቁም» ማለት አደገኛ ነው። በአንዴ ሲያቆም ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊያቃዠው፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ የሚሞትም አለ። ጠበል የሚወስደው ቤተሰብም አስቀድሞ ለሐኪም ያሳየው። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። አሜሪካም ሆነ ካናዳ ያለ ሰው፣ ዘመዱ ራሱን ሊጎዳ ነው ብሎ ከሰጋ ወደ 988 ይደውል፤ አሜሪካ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚከብደው አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል።

የቀረው የአሠሪዎች፣ የስፖርት ክለቦችና የዕድሮች ድርሻ ነው። ለሱስ ሕክምና የሄደ ሠራተኛ ወይም ተጫዋች ሲመለስ ቦታውን እንደሚያገኝ በጽሑፍ ይወሰን። ዕድር ለቀብር ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመላልሳል። ከዚያው የዕድር ገንዘብ ሣጥን ለአንድ አባል የሕክምና መጓጓዣ ማውጣት ደንብ ማሻሻል ቢጠይቅ እንኳ፣ ጉዳዩ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ አጀንዳ ሆኖ ይያዝ።