ጥሬ የሚባለውን ፎቶ ማን አበሰለው?

ባለፈው ታኅሣሥ ቡሬ ዳር አንድ ግቢ ውስጥ በርበሬ ተሰጥቶ አገኘን። አብሮኝ የነበረው ወጣት ሠርግ እያነሳ የሚተዳደር ነው፤ ካሜራውን ሊሸጥ ገዢ ቀጥሯል። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፣ ቀይ ቀለም አይችልም አሉ። ራው ላይ ተፈትኖ ነው የወደቀው» አለኝ። ካሜራውን ተቀብዬ በርበሬውን አነሳሁት። ማታ ፍኖተ ሰላም ገብተን ፋይሉን ገምጋሚዎች በብዛት በሚጠቀሙበት ፕሮግራም ስንከፍተው እውነትም እንዳሉት ሆነ፤ ዛላ ከዛላ አይለይም፣ የተሰጣው ሁሉ አንድ ቀይ ድፍድፍ መስሏል። ያንኑ ፋይል ካሜራውን የሠራው ኩባንያ በነፃ በሚሰጠው ፕሮግራም ከፈትነው። የእያንዳንዱ ዛላ ሽብሽብ ወጣ፣ ጭራው ወጣ፣ አንዱ ተሰንጥቆ ፍሬው የሚታይበት ቦታ ሳይቀር ወጣ። ልጁ ስክሪኑን እያየ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

የካሜራ ግምገማ የሚከታተል ሰው ሁሉ የተቀበለው አንድ እምነት አለ። ካሜራው ራሱ አቀናብሮ የሚያወጣው ጄፔግ ኩባንያው የቀባባው ነው፣ ጥሬው ፋይል ራው ግን አይዋሽም፤ ስለዚህ ካሜራዎቹን ሁሉ በራው አንስቶ፣ በአንድ ፕሮግራምና በአንድ ዓይነት ቅንብር ከፍቶ ማወዳደር ትክክለኛ ፍርድ ነው ይባላል። እኔ ይህ አሠራር ሰውን እየበደለ ነው እላለሁ።

ራው ገና ፎቶ አልሆነም። ሴንሰሩ ላይ ያለች እያንዳንዷ ፒክስል የምትለካው አንድ ቀለም ብቻ ነው። የኮዳኩ ብራይስ ባየር በ1976 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ባገኘበት አደራደር ከ4 ፒክስል 2ቱ አረንጓዴ፣ 1ዱ ቀይ፣ 1ዱ ሰማያዊ ናቸው። 24 ሚሊዮን ፒክስል ያለው ካሜራ ቀይን የሚለካው በ6 ሚሊዮኑ ብቻ ነው ማለት ነው። የምናየው ፎቶ ግን በየነጥቡ ሦስቱንም ቀለም ይፈልጋል። የጎደለውን፣ ከ3 እጅ 2ቱን፣ ፕሮግራሙ በስሌት ይሞላል። በዚያ ላይ ለየካሜራው የቀለም ፕሮፋይል አለ፤ የሚያዘጋጀውም የፕሮግራሙ ባለቤት ነው። ለአንዱ ካሜራ ተጠንቅቆ፣ ለሌላው ተጣድፎ ሊሠራው ይችላል። ቀዩን ከልክ በላይ ካጋለው የበርበሬው ሽብሽብ ይጠፋል፤ ስሙ የሚጠፋው ግን የካሜራው ነው።

ዳጉሳና ጤፍ በእኩል ውኃ ተቦክተው፣ እኩል ቀን ሰንብተው፣ በአንድ እሳት ቢጋገሩና የዳጉሳው ቢሰነጣጠቅ፣ ዳጉሳ እንጀራ አይሆንም ብላ የምትፈርድ ባለሙያ ሴት ጎጃም ውስጥ አላውቅም። ሊጡን ታውቀዋለች፤ ለየእህሉ የሚገባውን ትሰጠዋለች።

በፉጂፊልም የደረሰውን እናስታውስ። ኩባንያው በ2012 እ.ኤ.አ. ኤክስ-ፕሮ1ን ሲያወጣ በ6 በ6 ፒክስል የሚደጋገም፣ ኤክስ-ትራንስ የተባለ የራሱን አደራደር ይዞ መጣ። የአዶቤ ፕሮግራሞች ያንን ሲፈቱ ቅጠሉና ሣሩ በውኃ ቀለም የተሳለ ይመስል ነበር፤ ብዙ ሰውም በካሜራው አሳበበ። አዶቤ በ2019 እ.ኤ.አ. ላይትሩም በተባለው ፕሮግራሙ ውስጥ አዲስ ስሌት ሲጨምር እነዚያው የድሮ ፋይሎች ጠርተው መውጣት ጀመሩ። ካሜራው 7 ዓመት ሙሉ ያው ነበር። በመካከሉ ተስፋ ቆርጦ የሸጠውን ሰው ማን ይክሰዋል?

እኩል ቅንብር የሚባለውም እኩል አይደለም። አይኤስኦ 12232 የተባለው የብርሃን ትብነት ደረጃ ለኩባንያዎች ሰፊ ነፃነት ስለሚሰጥ የአንዱ 1600 ከሌላው 1600 ጋር ላይገጥም ይችላል። ፕሮግራሙ ይህን ለማቻቻል እኛ ሳናይ ፋይሉን ያደምቃል ወይም ያጨልማል፤ ዜሮ ላይ የቆመው ማስተካከያ ዜሮ አይደለም። ኩባንያዎቹም ከጥሬው ላይ እጃቸውን አያነሱም፤ ሶኒ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ በአልፋ 7 ካሜራዎቹ የሚሰጠው ራው ሲታመቅ መረጃ የሚጥል ብቻ ነበር።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ምክንያት አላቸው። ዲፒሪቪው የተባለው የካሜራ ግምገማ ድረ ገጽ ለዓመታት የስቱዲዮ ፎቶዎቹን በአዶቤ ካሜራ ራው ሲከፍት የኖረው ብዙ ባለሙያ የሚሠራበት እሱ ስለሆነ ነው፤ የየኩባንያው ፕሮግራም ደግሞ የራሱን ጉድለት ሊሸፍን ይችላል። ይህን እቀበላለሁ። እንግዲያው ውጤቱ የካሜራው ብቻ ሳይሆን የካሜራውና የፕሮግራሙ መሆኑ፣ ከነፕሮግራሙ ሥሪት፣ ከርዕሱ ሥር ይጻፍ። ደግሞ «ብዙ ባለሙያ» ሲባል የት ያለ ባለሙያ ነው? እዚህ በወር ክፍያ የሚሠራ ፕሮግራም በውጭ ምንዛሪ መግዛት ለአንድ ፎቶ ቤት ከባድ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ደግሞ በኢንተርኔት ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር እስከ ምን እንደሚያዛልቅ አይተናል። ከካሜራው ጋር በነፃ የሚመጣው ፕሮግራም ለእኛ ዋናው መሣሪያ ነው፤ ግምገማው ግን አይከፍተውም።

ብርሃኑስ? ፍኖተ ሰላም ላይ ሚያዝያ 10 ግድም ቀትር ሲሆን ፀሐይ አናት ላይ ቀጥ ትላለች። የሠርግ ወር ነው። ሙሽራዋ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ፊቷ ጠይም፣ የዓይኗ ሥር በጥላ ተውጦ ትቆማለች፤ የእኛ ፈተና ከነጠላው ንጣት እስከዚያ ጥላ ያለው ርቀት ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው ከለርቼከር የተባለው የቀለም መፈተኛ ሰሌዳ ከ24 ካሬዎቹ ለጥቁር ቆዳ የሰጠው 1 ካሬ ነው፤ እሱም የሚነሳው ለስላሳ የስቱዲዮ መብራት ሥር ነው። አንዱ ፕሮግራም «ተቃጥሏል» ብሎ የሚያሳየው ነጠላ በሌላው ፕሮግራም ከነጥለቱ ሲመለስ ደጋግሜ አይቻለሁ።

በአማርኛ የምትገመግሙ ወንድሞችና እህቶች፣ የውጭውን ውጤት ተርጉሞ ማንበብ ይብቃችሁ። አንዱን ፋይል በሁለቱም ፕሮግራም ክፈቱት፤ በቀትር፣ በጠይም ፊትና በነጭ ነጠላ ፈትኑት፤ ራው ፋይሉንም ሰው አውርዶ ራሱ እንዲያየው አስቀምጡለት። የምትናገሩት ቃል የሰው እንጀራ ላይ ይወድቃል።

ልጁ ካሜራውን አልሸጠም። ደምበጫ ያለው ጓደኛው ግን ያንኑ ግምገማ ሰምቶ፣ ያንኑ ዓይነት ካሜራ፣ በገዛበት ግማሽ ዋጋ ሸጦታል።