የመጨረሻው ባልዲ

የእህቴ ልጅ ዕቁብ ወጣለትና በቀጥታ እኛ ቤት መጣ። ዕቁብ የወጣለት ሰው እንዴት እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ፤ እሱ ግን እንደ ባለዕዳ አቀርቅሮ ነው የገባው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ስልኩን አውጥቶ የአንድ ዕቃ ፎቶ አሳየኝ። የጋዝ ሲሊንደር የሚያህል፣ ከአናቱ ሁለት ቱቦ የተሰካበት ነገር ነው።

«እቴቴ፣ ዕቁቡን በዚህ ላይ ላውለው አስቤያለሁ» አለኝ።

«ምንድን ነው?»

«የውሃ ማጣሪያ።»

«ለመጠጥ?»

«ኧረ ለመኪናዬ።»

እናቴ ከመደቡ ላይ ሆና እንዝርቷን አቆመች። «እኛ የቧንቧውን እየጠጣን መኪናው የተጣራ ሊጠጣ ነው?» አለች። ልጁ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልዘለቀም።

አትፍረዱበት። እዚህ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኑሮው በዚያች መኪና ነው። ጥቁር ናት። በአዘቦት ቀን ኮንትራት ይሠራባታል፤ ገንዘብ የሚያይባት ግን በሠርግ ወራት ነው። በጥር፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ፣ አበባና ሪባን ተደርጎላት ሙሽራ ትጭናለች፤ አንዱን ሳምንት ደምበጫ፣ ሌላውን ቡሬ። ባለፈው ጥር ቡሬ ላይ ለሚሠረግ ሙሽራ ሊሄድ ማለዳ ተነሥቶ አጠባት። ፀሐይ ላይ አቁሟት ልብሱን ሊቀይር ገባ። ሲመለስ ኮፈኗ ዱቄት የተረጨበት መስሏል። በፎጣ ቢያሻው አልለቅ አለ። ሚዜው አየና «ይቺን ነው አጠብኳት የምትለው?» አለው። ማታ ላይ ከተስማሙበት ሒሳብ ቆርጠው ሰጡት። ይህስ ይሁን፤ ከዚያ ቤት ተከትለው ይመጣሉ ያላቸው ሁለት ሠርጎችም ለሌላ ባለመኪና ሄዱ። ጥቁር መኪና ያለው ሰው ይረዳዋል፤ ነጭ መኪና ይህን ገመና ይሸፍናል፣ ጥቁር ግን ሁሉን ያወራል።

ያ ነጭ ነገር ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ የቤቱን ማንቆርቆሪያ ከፍቶ ይመልከት። ከሥሩ የተጋገረው ኖራ የመሰለ ቅርፊት የዚያው ወንድም ነው። ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ በድንጋይ መካከል ሲዘዋወር ካልሲየምና ማግኒዥየም ያሟሟል። ውሃው ሲተን እነሱ አይተኑም፤ ባሉበት ይቀራሉ። ነገሩን በቁጥር ላስቀምጠው፦ በአንድ ሊትር ውስጥ 200 ሚሊግራም የተሟሟ ነገር ያለው ውሃ ቢሆን፣ አንድ የ20 ሊትር ጀሪካን 4 ግራም ይይዛል። አብዛኛው ከመኪናው ላይ ወርዶ ይሄዳል። የቀረችው ጠብታ ግን ደርቃ ማዕድኗን እዚያው ታወርሳለች። ማጠቡ ጥሩ ቢሆንም ባይሆንም፣ ሳሙናው ውድ ቢሆንም ርካሽ ቢሆንም ለውጥ የለውም። ፀሐይ ላይ ሲቆይ ደግሞ ከቀለሙ በላይ ያለውን ቫርኒሽ መብላት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ በፖሊሽ እንጂ በፎጣ አይነሣም።

በማሽኑ ጉዳይ እኔ ምን አውቃለሁ? ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ዘመድ አለችን፤ ደወልንላት። ስቃ «እኛም እኮ በእሱ ውሃ ነው የምንሠራው» አለች። ዲአዮናይዝድ ውሃ ይሉታል፤ በእኛ አነጋገር ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ማለት ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ሬዚን የሚባሉ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ እንክብሎች ታጭቀዋል። ገሚሶቹ ካልሲየሙንና መሰሎቹን ይይዙና በምትኩ ሃይድሮጅን ይለቃሉ። ሌሎቹ ክሎራይዱንና ባይካርቦኔቱን ይዘው ሃይድሮክሳይድ ይለቃሉ። የተለቀቁት ሁለቱ ተጋብተው ራሳቸው ውሃ ይሆናሉ። (ሠርግ በሠርግ ነው ነገሩ።) እ.ኤ.አ. በ1935 አዳምስና ሆልምስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ኬሚስቶች ናቸው ሰው ሠራሹን ሬዚን ያስገኙት፤ የተሰባበረ የሙዚቃ ሸክላ ፈጭተው ይህን ጠባይ አዩበት ይባላል። ዛሬ መድኃኒት የሚያመርተውም፣ በእንፋሎት ኃይል የሚያመነጨውም በዚህ መንገድ ውሃውን ያጸዳል።

«ታዲያ ይግዛ?» አልኳት።

«ቆይ፤ መጀመሪያ መስታወት አምጡ» አለች።

ያዘዘችንን አደረግን፤ እናንተም ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ንጹሕ መስታወት ፀሐይ ላይ አጋድመን ሦስት ጠብታ አንጠባጠብን። አንዱ ከቧንቧ፣ ሁለተኛው ለመኪና ባትሪ ከሚሸጠው ውሃ፣ ሦስተኛው ሌሊቱን በዘነበ ዝናብ ደጅ ካደረ ሳህን። ሲደርቅ የቧንቧው ነጭ ቀለበት ጥሎ ተገኘ። የባትሪው ውሃ የነበረበትን ቦታ ለማግኘት መስታወቱን ወደ ብርሃን ማዘንበል ነበረብን። የዝናቡም ቢሆን እምብዛም አይታይም። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ ብላ አየችና «የላይኛው ውሃ ንጹሕ እንደሆነ ይህ ሁሉ መስታወት ሳያስፈልግ እነግራችሁ ነበር» አለች።

ነገሩ ግልጽ ነው። ዝናብ ማለት ፀሐይ ያተነነችው፣ ማዕድኑን ታች ጥሎ የወጣ ውሃ ነው። የባትሪውም ውሃ ቢሆን ያው ማዕድኑ የወጣለት ነው፤ ማዕድን ያለው ውሃ የባትሪውን ሰሌዳዎች ስለሚያበላሽ ነው እንዲህ የሚጸዳው። የእህቴ ልጅ ለዓመታት በገዛ እጁ ባትሪው ውስጥ ሲጨምረው የኖረው ውሃ፣ ያ ከባሕር ማዶ ሊያስመጣው ያሰበው ማሽን የሚያወጣው ዓይነት ውሃ ኖሯል።

ዘመዳችን ስለ ማሽኑ የነገረችን ሌላም አለ፤ ሊገዛ ያሰበ ቢያውቀው ይጠቅመዋል። ሬዚኑ ዘላለማዊ አይደለም። የያዘውን ይይዝና ይጠግባል፤ ውሃው በማዕድን በከበደ ቁጥር ቶሎ ይጠግባል። መጥገቡን የምትነግር እስክሪብቶ የምታህል መለኪያ አለች፤ ከዜሮ አካባቢ የነበረው ቁጥር ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ሬዚኑ ይለወጣል። ታጥቦ እንደገና ይሠራል ቢባልም የሚታጠበው በጠንካራ አሲድና በኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ የሚሞከር አይደለም። አዲሱ ሬዚን ደግሞ ከየት ይመጣል? አንዳንዱ ነጋዴ በጨው የሚሠራውን ማለስለሻ «ያው ነው» ብሎ ይሸጣል። ያው አይደለም። እሱ ካልሲየሙን በሶዲየም ይተካዋል እንጂ አያወጣውም፤ ነጠብጣቡ በቀላሉ ይጠረጋል፣ ግን አይቀርም።

ከሁሉ በላይ ልቤ የገባው ግን አንድ ነገር ነው። በውጭ ሀገር ማሽኑ ያላቸው ሰዎች እንኳ መኪናቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚያ ውሃ አያጥቡም። ሬዚኑ እንዳያልቅባቸው ጭቃውንም ሳሙናውንም በተራ ውሃ ያስለቅቁና፣ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ብቻ በእሱ ያደርጋሉ። ነጠብጣብ የሚተወው የመጨረሻው ውሃ ነዋ! ታዲያ የሚያስፈልገን ማሽን ሳይሆን አንድ ባልዲ ሆነ።

አሁን ልጁ የሚያደርገው እንዲህ ነው። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ጥላ ውስጥ ያቆማታል፤ ኮፈኗ እጅ ሲያስነኩት መቀዝቀዝ አለበት። የእኛን ቀይ አቧራ በደረቁ ማሸት በአሸዋ ወረቀት እንደ መሞረድ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ውሃ እያፈሰሰ ያወርደዋል። ሁለት ባልዲ ይይዛል፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ጨርቁ የሚታለብበት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ተወ፤ የመኪና ሻምፖ ነው የሚጠቀመው። ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎማና ፓራፋንጎው መጨረሻ ነው። በተራ ውሃ ያለቀልቃል። ከዚያ ሳትደርቅ፣ ገበሬው ፀረ አረም ከሚረጭበት የጀርባ መርጫ አዲስ ገዝቶ፣ 5 ሊትር ያህል የዝናብ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይረጭላታል። አዲስ ያልኩት በምክንያት ነው፤ መድኃኒት የነካው መርጫ ለሌላ ሥራ አይሆንም። ከዚያ በሯን፣ ስፖኪዮዋን፣ ውሃ የሚደበቅበትን ስንጥቅ ሁሉ በለስላሳ ፎጣ ይነካካል፤ ሌላው በራሱ ይደርቃል። የቆየው ነጠብጣብ ብዙው በውሃ በቀጠነ አቼቶ ለቀቀ፤ ወዲያው በብዙ ውሃ አለቀለቀው። ኮፈኑ ላይ ሁለት ቦታ ግን እስከ ዛሬ አለ። ቫርኒሹን በልቶት ኖሯል።

እዚህ ላይ የደረሰብንን ልናገር። መስታወቱን በሞከርንበት ሰሞን ልጁ የባትሪ ውሃ እንዲመጣለት ታናሽ ወንድሙን ላከው። ትንሹ በሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ያለ ጥርት ያለ ነገር ይዞ መጣና ውሃ መጠጫው አጠገብ አስቀመጠው። ምንም ጽሑፍ የለበትም። ደግነቱ ታላቁ ከመርጫው ከመጨመሩ በፊት ክዳኑን ከፍቶ ጠጋ ሲል አፍንጫውን ነካው፤ ሁለት ጠብታ ሲሚንቶው ላይ ሲያፈስስ አረፋ ደፈቀ። አሲድ ነው። የባትሪ አሲድ! የሸጠው ሰው «የባትሪ» የሚለውን እንጂ «ውሃ» የሚለውን አልሰማም። እናቴ ከዚያ ወዲህ ለሦስት ቀን ያህል ልጆቹን በደረሰችበት ሁሉ ትቆጥር ነበር። እባካችሁ፣ የባትሪ ውሃ ስትገዙ በታሸገ ዕቃና ጽሑፉን አንብባችሁ ይሁን። አሲድ በውሃ ፕላስቲክ ገልብጦ የሚያስቀምጥ ሰው ካያችሁም ዝም አትበሉት። የባትሪው ውሃም ቢሆን ለመጠጥ የተዘጋጀ አይደለም።

ዕቁቡ ምን ሆነ? ከጣሪያችን ጫፍ አሸንዳ ተሠራ፤ ክዳን ያላቸው ሁለት በርሜሎች ተገዙ፤ ከተረፈው ለመኪናዋ አራት ጎማ ሆነ፤ የድሮዎቹ እንኳን ሙሽራ ባዶ ወንበርም የሚሸከሙ አልነበሩም። የክረምቱን የመጀመሪያ ዝናብ ወደ በርሜሉ አናስገባም፤ ከበጋው የተጠራቀመ አቧራና የቆርቆሮ ዝገት ይዞ ስለሚወርድ ደጅ እንለቀዋለን። ክዳኑ ላይ እኔ አልቀልድም፤ ወባ ባለበት ሀገር ክፍት በርሜል የትንኝ እርሻ ነው። ክረምቱ ሲወጣ የሞላውን በርሜል ጥላ ውስጥ ከድነን እናቆየዋለን። በአንድ መኪና 5 ሊትር ከሆነ አንድ የ200 ሊትር በርሜል 40 ጊዜ ነው፤ የጥርን ሠርግ አልፎ ለፋሲካም ይተርፋል። ባይበቃ የታሸገው የባትሪ ውሃ አለ።

ማሽኑን ፈጽሞ የማይረባ ነው ለማለት አይደለም። ቡሬ ላይ፣ የነቀምት መንገድ ከሚገነጠልበት አካባቢ፣ ቀኑን ሙሉ መኪና የሚያጥብ ሰው ቢያስገባውና ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ጥቂት ብር ቢጨምር ሒሳቡ ሊመጣለት ይችላል። የእህቴ ልጅም ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። አሁን ከአንድ የቡሬ ጓደኛው ጋር በሽርክና ያወራል፤ ሲያድግ ያደርገዋል። እኔ ጎማው ቀድሞ ይሻላል ነው ያልኩት።

አሁን ነሐሴ እያለቀ ነው፤ ጳጉሜ 3፣ የሩፋኤል ዕለት እየደረሰ ነው። እኛ ቤት በዚያን ቀን ዝናብ የማይመታ የለም፤ ሽማግሌው ሕፃኑ ደጅ ይወጣል፤ እናቴም ከዚያ ዝናብ ለዓመቱ ታስቀምጣለች። ዘንድሮ አሸንዳና በርሜል መጥቶ ነገር ተበላሸ። የሩፋኤል ውሃ በጎማ ላይ ሲፈስ ማየት አልፈልግም አለች። ሁለት ቀን ተኮራረፉ። በመጨረሻ ልጁ አንዱን በርሜል ባዶ አድርጎ አጥቦ ሰጣት፤ እሷም እንዳይሳሳት አንገቱ ላይ ነጭ የጥጥ ክር አሰረችበት። የዚያን ቀን አሸንዳው ወደዚያ ይዞራል።

ትናንት ማታ መኪናዋን አጥቦ ሲጨርስ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እምዬ፣ ከዚያችኛዋ ለበረከት ያህል ትንሽ ብትረጪልኝስ?»

እንዝርቷን ሳታቆም ጥቂት አሰበች።

«መኪናዋን ነው ወይስ አንተን?»