የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ሴናተር

አየርላንዳዊው ዴቪድ ኖሪስ ወደ ሕግ አውጪነት የገቡት በፍርድ ቤት በኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1987 (ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሴኔት ወንበር ሲያገኙ፣ የገዛ አገራቸውን መንግሥት ከሰው ጉዳዩን እስከ ስትራስቡርግ አድርሰውት ነበር። በደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር፣ የጄምስ ጆይስ ሥራዎች ተንታኝ፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መብት ተሟጋች ነበሩ፤ ሴናተርነቱ በእነዚህ ላይ የተጨመረ እንጂ እነሱን የተካ አልነበረም።

የተወለዱት በ1944፣ ያኔ የቤልጂግ ቅኝ ግዛት በነበረችው ኮንጎ፣ በዛሬዋ ኪንሻሳ ነው። እንግሊዛዊ አባታቸው መሐንዲስ ነበሩ፤ ልጃቸው ነፍስ ሳያውቅ አረፉ። ኖሪስ ያደጉት አየርላንዳዊት እናታቸው ዘንድ፣ ደብሊን ውስጥ ነው። አብዛኛው ሕዝብ ካቶሊክ በሆነበት አገር እሳቸው የአየርላንድ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናቸው። በትሪኒቲ ከ1968 እስከ 1996 አስተምረዋል። በሚኖሩባት በኖርዝ ግሬት ጆርጅስ ጎዳና የነበሩት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤቶች ሊፈርሱ በተቃረቡበት ዘመን ጎረቤት አስተባብረው ተሟግተውላቸዋል፤ ዛሬ የጄምስ ጆይስ ማዕከል የሚገኘውም እዚያው ጎዳና ላይ፣ ቁጥር 35 ላይ ነው።

ኖሪስ በፍርድ ቤት የተሟገቱበት ሕግ ከአየርላንድ መንግሥት የቀደመ ነበር። በ1861 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ በወንዶች መካከል ለሚደረግ የግብረ ሥጋ ግንኙነት እስከ ዕድሜ ልክ ያሳስር ነበር፤ በ1885 የተጨመረው ደግሞ በወንዶች መካከል የሚፈጸምን ወሲባዊ ድርጊት ሁሉ በወንጀል ጠቀለለው። ደራሲው ኦስካር ዋይልድ በ1895 ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ሁለት ዓመት የተፈረደበት በዚሁ በኋለኛው ሕግ ነው። እሱም የትሪኒቲ ተማሪ ነበር። እንግሊዝና ዌልስ ሕጉን በ1967 ሲያላሉት፣ ነፃ የወጣችው አየርላንድ ግን ከቅኝ ገዢዋ የወረሰችውን እንዳለ ይዛ ቀጠለች።

ሕጉ ሰው ሳያስርም ምን ያደርግ እንደነበር የኖሪስ የክስ መዝገብ በግልጽ ያሳያል። በወጣትነታቸው በጭንቀት ታመው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የተሰጣቸው ምክር አየርላንድን ለቀው ሕጉ ወደማይከብድበት አገር እንዲሄዱ ነበር። እሳቸው ግን እዚያው ቀሩ። በ1975 በአየርላንድ ቴሌቪዥን ቀርበው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆናቸውን፣ ይህም በሽታ አለመሆኑን ተናገሩ። በፕሮግራሙ ላይ አቤቱታ ቀረበ፤ አቤቱታውን የመረመረው ኮሚቴም ነባሩን የወንጀል ሕግ ጠቅሶ ለአቤት ባዮቹ ፈረደ። በዚህ ጉዳይ ማንም ሳይከሰስበት ሕጉ አንደበት ለመዝጋት በቃ ማለት ነው።

ኖሪስ መንግሥትን የከሰሱት በ1977 ነው። በእሳቸው በኩል ከተሟገቱት መካከል የትሪኒቲ የሕግ ፕሮፌሰር የነበሩት ሜሪ ሮቢንሰን ይገኙበታል፤ ሌላዋ የትሪኒቲ የሕግ ፕሮፌሰር ሜሪ ማካሊስም ሕጉ እንዲለወጥ የሚታገለው ንቅናቄ የሕግ አማካሪ ነበሩ። ሁለቱም በኋላ ተራ በተራ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ከሳሹ የባለሙያ ምስክሮችን አሰሙ፤ መንግሥት አንድም ምስክር አላቀረበም። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን በ1980 ክሱን ውድቅ አደረገው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሚያዝያ 1983 በሦስት ለሁለት ድምፅ አጸናው። የአብላጫውን ውሳኔ የጻፉት ዋና ዳኛ ኦሂጊንስ ሕገ መንግሥቱ ክርስቲያናዊ መሠረት ያለው መሆኑን፣ የጋብቻን ተቋምና የሕዝብ ጤናን በምክንያትነት ጠቀሱ። ዳኛ ሄንቺ በልዩነት ሐሳባቸው የግል ሕይወት መብትን አስቀደሙ፤ የከሳሹ ማስረጃ አስተባባይ እንዳልቀረበበትም አስመዘገቡ። የሁለቱን አመክንዮ ጎን ለጎን ላነበበ፣ ጠንካራው የተሸናፊው ወገን ነው።

ቀጣዩ መንገድ ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ነበር። እዚያ የሰሜን አየርላንዱ ጄፍሪ ዳጅን በተመሳሳይ ሕግ ብሪታንያን ተከራክሮ በ1981 ረትቶ ነበር። የአየርላንድ መንግሥት መልስ፣ ኖሪስ ተከሰው ስለማያውቁ ተጎጂ ሊባሉ አይችሉም የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 26 ቀን 1988 በስምንት ለስድስት ድምፅ መከራከሪያውን ጣለው። ሕጉ ሳይሻር እስካለ ድረስ ነገ ሥራ ላይ ሊውል ስለሚችል የግል ሕይወትን መከበር የሚጠብቀውን አንቀጽ 8 ይጥሳል አለ። ቆጵሮስ በ1993 በተመሳሳይ ጉዳይ ስትሸነፍ ይህ ፍርድ መነሻ ሆኖ ተጠቅሷል። ደብሊን ግን ፍርዱን ለመፈጸም አምስት ዓመት ገደማ ወሰደባት። የፍትሕ ሚኒስትሯ ማይራ ጌጋን ክዊን ያቀረቡት ሕግ በ1993 ሲጸድቅ የፈቃድ ዕድሜው ለሁሉም እኩል 17 ዓመት ሆነ። ፊርማውን ያኖሩት ፕሬዚዳንት ሜሪ ሮቢንሰን ናቸው፤ የቀድሞዋ ጠበቃ።

በዚያን ጊዜ ኖሪስ ሴኔት ውስጥ ሰባተኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። የአየርላንድ ሴኔት 60 አባላት አሉት፤ ስድስቱን የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን በፖስታ ድምፅ ይመርጣሉ፤ ከእነዚህም ሦስቱ የትሪኒቲ ድርሻ ነበሩ። ኖሪስ ደጋግመው ተወዳድረው በ1987 አሸነፉ፤ ፓርቲም አልነበራቸውም። ምክር ቤቱ አቅሙ ውስን ነው፤ ተራ ረቂቅ ሕግን ለ90 ቀናት ከማዘግየት አልፎ ሊያስቀር አይችልም። ስለዚህ የኖሪስን ሥራ ባጸደቋቸው አዋጆች ቁጥር የሚመዝን ዋናውን ነገር ይስታል። በ2004 ተመሳሳይ ጾታ ላላቸውና ለሌሎችም ጥንዶች በሕግ የሚታወቅ ትስስር የሚፈቅድ ረቂቅ አቀረቡ፤ ክርክሩ ተጀመረና ሳይቋጭ ተንጠልጥሎ ቀረ። መንግሥት የራሱን ሕግ ያወጣው በ2010 ነው። በግንቦት 2015 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ደግሞ 62 በመቶው መራጭ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ደገፈ። ያለ ፓርቲ፣ ደካማ ምክር ቤት ውስጥ ያለ አንድ ሰው ማድረግ የሚችለው ጥያቄውን ከመዝገብ እንዳይወጣ መጠበቅ ነው፤ ይህን ኖሪስ አላቋረጡም። ስለ ምሥራቅ ቲሞር፣ ስለ ቲቤትና ስለ ፍልስጥኤም የተናገሩትም በዚሁ መንፈስ ነው።

ትልቁ ውድቀታቸው በ2011 መጣ። ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ በሕዝብ አስተያየት መለኪያ ቀዳሚ ነበሩ። ሆኖም በ1997 ለእስራኤል ፍርድ ቤት የጻፉት ደብዳቤ ወጣ። የ15 ዓመት ልጅ ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ወንጀል ጥፋተኛ ለተባለ የቀድሞ ወዳጃቸው ቅጣት እንዲቀልለት የለመኑበት፣ በሴኔቱ የደብዳቤ ወረቀት የተጻፈ ነበር። ነሐሴ ላይ ከውድድሩ ወጡ፤ መስከረም ላይ ተመለሱ። ውጤቱ 6.2 በመቶ፣ ከሰባት ተወዳዳሪዎች አምስተኛ ነበር። ደጋፊዎቻቸው ነገሩን የጠላት ዘመቻ ብለውት ነበር፤ ይሁንና ለልጆች ጥበቃ የሚቆም ማንኛውም መራጭ መጠየቁ ተገቢ ነበር። የሕዝብ ሥልጣን ማኅተም ለግል ፍቅር መዋሉም በራሱ ጥፋት ነው።

ከዚያ በኋላም ከሴኔቱ አልወጡም። በ2013 መንግሥት ሴኔቱን ለማፍረስ ሕዝበ ውሳኔ ሲጠራ ተቃወሙ፤ ሕዝቡም በ51.7 በመቶ ምክር ቤቱን አቆየው። ኖሪስ በጥር 2024 ሲሰናበቱ ከ36 ዓመት በላይ ያለማቋረጥ በማገልገል ቀዳሚው ሴናተር ነበሩ። ያስገባቸው የምርጫ ክልልም ተቀይሯል፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን የ2023 ውሳኔ ተከትሎ በ2024 የወጣው ሕግ ስድስቱን ወንበሮች በአንድ የከፍተኛ ትምህርት የምርጫ ክልል ጠቅልሎ፣ የመምረጥ መብቱን ወደ ሌሎች ተቋማት ምሩቃንም አስፍቶታል።