ስለ ራዲዮና ስለ ቴሌቪዥን ማስታወቂያ አቤቱታ

በራዲዮ ወይም በቴሌቪዥን የሚነገረው ማስታወቂያ ውሸት ሆኖ ሲገኝ፣ የሚወቀሰው ያስነገረው ሰው ሳይሆን ዕቃውን በመደርደሪያው ላይ ያስቀመጠው ባለሱቅ መሆኑን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉት የገጠር ገበያዎች የምንነግድ ሁሉ እናውቀዋለን። ጣቢያው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ነው፤ አስመጪውም ሩቅ ነው። ገበሬው በቅርብ የሚያገኘው ባለሱቁን ብቻ ነው።

በጸሐፊነት በማገለግልበት የንግድ ቤት የደረሰውን ለምሳሌ ላቅርብ። በብርና በላህ ወንዞች ዳር በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች የውኃ መሳቢያ ሞተር ከእኛ ይገዛሉ። ከነዚህ ሞተሮች አንዱ በራዲዮ ሲተዋወቅ መለዋወጫው ለአንድ ዓመት በየከተማው በነጻ እንደሚሰጥ ተነገረ። ጥቂት ቆይቶም የተበላሸ ሞተር በአህያ የጫኑ ሰዎች በደጃችን ቆሙ። ለእኛ ግን ከአከፋፋዩ ዘንድ አንዲት የነጻ መለዋወጫ እንኳ አልደረሰችንም፤ በዋስትና ወረቀቱም ላይ እንዲህ ያለ ቃል አልሰፈረም። አንድ አዛውንት የሱቁን ባለቤት «አንቱ ደብቀውት ይሆናል እንጂ ራዲዮ ይዋሻል?» አሏቸው። በብዙ ዓመት ድካም የተገኘ ስም እንዲህ በአንድ ቀን ይጠረጠራል።

ብዙዎቻችን በእንዲህ ያለ ጊዜ የምናደርገው በቡና ላይ ማማረር፣ ቢበዛም ለአከፋፋዩ ስልክ መደወል ነው። የቃል ወቀሳ ግን መዝገብ አይገባም። ሕጉ ደግሞ አለ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም እንዲሁ ሸማቹን ከሐሰተኛ ማስታወቂያ ይጠብቃል። የቢራ ማስታወቂያ ከራዲዮና ከቴሌቪዥን የተወገደው በ2011 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1112 መሆኑን የምናስታውስ ሰዎች፣ ማስታወቂያ ከሕግ በላይ ነው ልንል አንችልም።

አቤቱታ የሚጽፍ ሰው «ሕዝቡን አታለሉት» ብሎ ቢጀምር ደብዳቤው ክብደት ያጣል። የጣቢያውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የተነገረውንም ቃል እንዳለ ይጻፍ፤ ቢቻል በእጅ ስልኩ ይቅዳው፣ ጣቢያው ቀረጻውን ለዘወትር አያቆይምና። «ከሁሉ የሚበልጥ ሞተር» መባሉን ትቶ፣ መመርመር በሚቻለው ነገር ላይ ይቁም፤ «በነጻ» ተባለ፣ በነጻ አልተሰጠም። ደረሰኙንና የዋስትናውን ወረቀት ቅጂ ያያይዝ። የሚለምነውንም ይግለጥ፦ ማስታወቂያው እንዲቆም ነው ወይስ በዚያው ሰዓት እንዲታረም? ደብዳቤው አስቀድሞ ለአስመጪውና ለጣቢያው ይድረስ፤ መልስ ከታጣ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን፣ በገዢው ላይ ስለ ደረሰው ጉዳት ደግሞ በአካባቢው ላለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ይቅረብ። (ለራስ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ማስደረግ አይረሳ። ይህን የምለው ስንት ደብዳቤ «አልደረሰንም» ሲባል ስላየሁ ነው።)

ነገር ግን ባለሱቁን ዝም የሚያሰኘው የአጻጻፍ ችግር ብቻ አይደለም። ፍርሃት አለ። በአስመጪው ላይ የጻፈ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ዕቃ ሲጠይቅ «አልቋል» ሊባል ይችላል፤ ጎረቤቱ ግን ያገኛል። ስለዚህ አንድ ባለሱቅ ብቻውን እንዲጋፈጥ መምከር ፍትሕ አይመስለኝም። የንግድ ምክር ቤታችን እንዲህ ያሉትን አቤቱታዎች ከአባላቱ ተቀብሎ፣ ማስረጃቸውን መርምሮ፣ የአቤቱታ አቅራቢውን ስም ሳያወጣ በራሱ ማኅተም ቢልክ አከፋፋዩ ቂም የሚይዝበት ሰው አይኖርም። በአንድ ዕቃ ላይ ከቡሬ አንድ፣ ከፍኖተ ሰላም ሁለት፣ ከጅጋ አንድ አቤቱታ ቢሰበሰብ ደግሞ የአንድ ሰው ጠብ ነው ሊባል አይቻልም። አንዳንዱ ነጋዴ ተወዳዳሪውን ለመጉዳት ብቻ እንዳይከስ የሚከላከለውም ይኸው ምርመራ ነው።

ለአስመጪዎችም አንድ ልመና አለኝ። ማስታወቂያውን ለጣቢያው ከመስጠታችሁ በፊት ጽሑፉን ለምትሸጡላቸው ባለሱቆች ላኩላቸው፤ መለዋወጫውም በየትኛው ከተማ፣ በማን ሱቅ እንደሚገኝ በስም ጻፉበት። ፍኖተ ሰላም ከሌለች «በየከተማው» አትበሉ።